አዲስ የመጣው ቡችላ ፓርቮ ሲይዘው ምን እናድርግ?

ቡችላው ቤት ከገባ አራት ቀኑ ነው። ትናንት ማታ የጫማ ክር ሲጎትት አምሽቷል። ዛሬ ጠዋት ግን ሳህኑን አሸተተና ዞር ብሎ ተኛ። ስሙን ስትጠሩት ጅራቱን አንዴ ብቻ ወዝወዝ አደረገ።

እዚህ ላይ አብዛኞቻችን «ቤቱን ገና ስላልለመደ ነው» እንላለን። እኔም ብዬ ነበር። የመጀመሪያዋ ቡችላዬ ምግብ እምቢ ያለች ዕለት ማታ «ነገ አያታለሁ» ብዬ ተኛሁ። ሌሊት ሁለት ጊዜ ስታስመልስ ሰምቻለሁ። ተነስቼ ጠርጌ ተመልሼ ተኛሁ። ጠዋት በሩን ስከፍት የተቀበለኝ ሽታው ነው። እሷ ግድግዳው ሥር ተጠቅልላለች፤ ቀና ብላም አላየችኝ። ሐኪም ጋ ወሰድኳት፤ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ሐኪሟ አልወቀሰችኝም። ማታውኑ ወስጃት ቢሆን ኖሮ የሚለውን እስከ ዛሬ ለራሴ የምለው እኔው ነኝ።

ስለዚህ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ እስኪመጣ አንጠብቅም። የምንነሳው ካልተነካችው ሳህን ነው።

መጀመሪያ በሽታውን እንወቀው

ፓርቮ የውሾች ቫይረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ብቅ ብሎ በሁለት ዓመት ገደማ ዓለምን አዳረሰ። ያኔ የትኛውም ውሻ መከላከያ ስላልነበረው ትልቁም ትንሹም ይረግፍ ነበር። ዛሬ ክትባት አለ። በዋናነት የሚጠቃው ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ ነው፤ በተለይ ዕድሜው ከ6 ሳምንት እስከ 6 ወር ያለው። ሮትዋይለር፣ ዶበርማንና ጀርመን ሼፐርድ ላይ ደግሞ ይበረታል።

ቫይረሱ የሚባዛው ቶሎ ቶሎ በሚከፋፈሉ ሴሎች ውስጥ ነው። ቡችላ ውስጥ እንዲህ ያሉት ሴሎች በብዛት ያሉት ሁለት ቦታ ነው፤ አንጀቱና መቅኔው። የአንጀት የውስጥ ሽፋን በየጥቂት ቀኑ ይታደሳል። ቫይረሱ አዳሾቹን ሴሎች ስለሚገድል አሮጌው ሽፋን ይላጣል፤ የሚተካው የለም። ከዚያ ውሃው ወደ ውጭ ይፈሳል። አንጀት ውስጥ የነበረው ባክቴሪያ ደግሞ በተላጠው በኩል ወደ ደም ይገባል። መቅኔው ስለተመታ ነጭ የደም ሴል ወርዷል፤ ባክቴሪያውን የሚመክት ወታደር የለም።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ቡችላውን የሚገድለው ብዙ ጊዜ የውሃ እጥረቱና የደም መመረዙ ነው። ሁለቱንም ሐኪም ሊመክታቸው ይችላል። «ለቫይረስ መድኃኒት የለውም፤ ተዉት» የሚላችሁ ሰው ካለ አትስሙት። ውሃውን እየተካን፣ ባክቴሪያውን እየመከትን ጊዜ ከገዛንለት፣ ቡችላው ራሱ ቫይረሱን ያሸንፋል።

ቫይረሱ ከገባ በኋላ ምልክት እስኪታይ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን ይወስዳል፤ አንዳንዴ እስከ 14 ቀን። ስለዚህ በመጣ በሳምንቱ ውስጥ የታመመ ቡችላ ምናልባት በሽታውን ይዞት የመጣ ነው። ሲረከቡት ጤነኛ መምሰሉ ምንም አይነግረንም።

አንድ፦ አምስት ደቂቃ ወስዳችሁ እዩት

ቡችላውን ጭናችሁ ላይ አስቀምጡት። ከንፈሩን ወደ ላይ ገለጥ አድርጋችሁ ድዱን ተመልከቱ። የጤነኛ ቡችላ ድድ ሮዝና እርጥብ ነው። (በተፈጥሮው ጥቁር ድድ ያለው ውሻ አለ፤ ያኔ የታችኛውን የዐይን ሽፋን ወደ ታች ሳብ አድርጋችሁ ውስጡን እዩ።) በጣታችሁ ድዱን ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት። ይነጣል፤ ከዚያ ቀለሙ ይመለሳል። ለመመለስ ከሁለት ሰከንድ በላይ ከወሰደበት የደም ዝውውሩ ደክሟል ማለት ነው። ጣታችሁ ድዱ ላይ እንደ ሙጫ ያዝ ካደረገው ውሃ አንሶታል።

ቀጥሎ ትከሻው መሃል ያለውን ቆዳ ቆንጥጣችሁ አንሱና ልቀቁት። ወዲያው ቦታው መመለስ አለበት። እንደ ድንኳን ቆሞ ከቀረ ብዙ ውሃ አጥቷል። በጣም ከሲታ ቡችላ ላይ ግን ይህ ያሳስታል፤ ድዱን እመኑ።

ቴርሞሜትር ካላችሁ ጫፉን ቫዝሊን ቀብታችሁ በፊንጢጣው ለኩት። ጤነኛ ውሻ ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ለእኛ ትኩሳት የሆነው ለእሱ ልኩ ነው፤ አትደንግጡ። ከ39.5 በላይ ከሆነ ትኩሳት አለው። ከ37.8 በታች መውረዱ ግን ይብሳል፤ ሰውነቱ እየተሸነፈ ነው ማለት ነው።

አሁን ወስኑ። ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ ከነዚህ ሁለቱን ካሳየ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ይሂድ፦ አልበላም አለ፣ ፈዘዘ፣ አስመለሰ፣ አስቀመጠው፣ ትኩሳት አለው። ደም አትጠብቁ። ደሙና ያ የሚሰነፍጥ ሽታ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ጭራሽ ደም ሳይታይበት የሚሞትም አለ።

ሌላ በሽታ ሊሆን አይችልም ወይ? ይችላል። ትላትል፣ ጃርዲያ፣ የምግብ ለውጥ፣ የተዋጠ ጨርቅ፣ የአይጥ መርዝ፣ ዲስተምፐር የሚባለው ሌላ የውሻ ቫይረስ በሽታ። ብዙዎቹ በዐይን ሲታዩ ፓርቮን ይመስላሉ። ለዚህ ነው መገመቱን ትተን የምናስመረምረው።

ሁለት፦ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ

ክሊኒኩ ደውላችሁ «ፓርቮ ጠርጥረናል» በሉ። በሌላ በር ሊያስገቧችሁ ወይም መኪና ውስጥ ጠብቁ ሊሏችሁ ይችላሉ። ቅር አይበላችሁ። የመጠበቂያው ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ክትባቷ የመጣች የሌላ ሰው ቡችላ ተቀምጣለች። በዚሁ ምክንያት ቡችላችሁን መሬት አታውርዱት። የፕላስቲክ ሳጥን ወይም ፎጣ የተነጠፈበት ካርቶን ይበቃል።

ይዛችሁ የምትሄዱት ይህን ነው፦ የክትባት ካርዱን፣ በፌስታል የተቋጠረ ትንሽ ሰገራ፣ እና የሰዓት ማስታወሻ። የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ ሐኪሙን በጣም የሚረዳው ግን እሱ ነው። መጨረሻ የበላው መቼ ነው? ስንት ጊዜ አስመለሰ? ሽንት የሸናው መቼ ነው? የትል መድኃኒት ወስዷል? የጠፋ ካልሲ ወይም አሻንጉሊት አለ? ስንጨነቅ ይህ ሁሉ ከጭንቅላታችን ይጠፋል። ስልካችሁ ላይ ጻፉት። የትውከቱን ፎቶም አንሱ። ያስጠላል፤ ግን አንሱ።

መንገድ ላይ ሙቀት እንዳያጣ በብርድ ልብስ ጠቅልሉት። ልፍስፍስ ካለ ወይም ከተንቀጠቀጠ ስኳሩ ወርዶ ይሆናል። ትንንሽ ቡችላ የሚያከማቸው ጉልበት የለውም። ነቅቶ ከሆነና መዋጥ ከቻለ ጣታችሁን ማር ወይም ወፍራም የስኳር ውሃ ነክራችሁ ድዱን ቀቡት። አፉ ውስጥ አታፍስሱ፤ ወደ ሳንባው ይገባል።

ሦስት፦ እጃችሁን የምትሰበስቡባቸው ነገሮች

የሰው የተቅማጥ ማቆሚያ ክኒን አትስጡት። ሎፔራማይድ አንጀቱን ያስርና መውጣት ያለበትን ውስጥ ያስቀረዋል። አንዳንድ ዝርያዎች ላይ ደግሞ ራሱ መድኃኒቱ መርዝ ነው። ኢቡፕሮፌንና ፓራሲታሞልም ይቅሩ። ኢቡፕሮፌን የተላጠ አንጀት ላይ ሲጨመር ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። ነጭ ሽንኩርት እንሰጠው የሚል ወዳጅ አይጠፋም። ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል። ወተትም አይሆንም። ከባለፈው ሕመማችሁ የተረፈ አንቲባዮቲክ ደግሞ መጠኑን ሳታውቁ የምትሰጡት መድኃኒት ነው፤ ይቅር።

እያስመለሰ ያለን ቡችላ በግድ ውሃ ማጠጣትም ከዚሁ ይመደባል። የጠጣውን ብቻ መልሶ አይተፋም፤ ከሆዱ ያለውንም ጨምሮበት ነው። ሐኪም እስኪያየው ታገሱ።

አራት፦ ክሊኒክ ውስጥ

ፈጣን የሰገራ ምርመራ አለ። ትንሽ ዘንግ ፊንጢጣው ውስጥ ይገባና ናሙናው አንዲት ፕላስቲክ ላይ ይንጠባጠባል። በአሥር ደቂቃ አካባቢ ውጤቱ ይታያል፤ የእርግዝና ምርመራን የመሰለ ነገር ነው። መስመር ካወጣና ምልክቱም ካለ ጉዳዩ አለቀ፤ ፓርቮ ነው። መስመር ካላወጣ ግን ገና አላለቀም። በመጀመሪያው ወይም በመጨረሻው ቀን ሰገራው ውስጥ ያለው ቫይረስ ትንሽ ሊሆን ይችላል። በቅርብ ቀን የተከተበ ቡችላ ደግሞ አልፎ አልፎ ደብዘዝ ያለ መስመር ሊያሳይ ይችላል። ያኔ የደም ምርመራው ይረዳል። ነጭ የደም ሴሉ በጣም ወርዶ ከተገኘ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ፒሲአር (የቫይረሱን ዘረመል የሚፈልግ የላብራቶሪ ምርመራ) የሚሠራበት ቦታ ካለም ጠይቁ።

ሕክምናው የሚቆመው በደም ሥር በሚሰጠው ፈሳሽ ላይ ነው፤ እኛ በተለምዶ ጉሉኮስ የምንለው። ውሃ ብቻ አይደለም፤ ጨዎች፣ ፖታሲየም፣ እንደ ሁኔታው ስኳር ይገባበታል። ከሱ ጋር ማስታወክን የሚያቆም መርፌ ይሰጣል፤ ማሮፒታንት ወይም ኦንዳንሴትሮን ሊሆን ይችላል። አንቲባዮቲክ ይጨመራል። ቫይረሱን አይገድለውም፤ ወደ ደም የገባውን ባክቴሪያ ነው የሚያጠቃው። ትላትል ካለበት ማስታወኩ ሲቆም የትል መድኃኒት ይሰጠዋል። ቡችሎች አንጀት ውስጥ ፓርቮና ትል ተባብረው መገኘታቸው የተለመደ ነው።

ስለ ምግብ ድሮ የሚባለው «ሆዱ ይረፍ» ነበር። አሁን ተቀይሯል። ማስታወኩ በመድኃኒት እንደተያዘ ትንሽ ትንሽ መመገብ፣ አስፈላጊ ከሆነም በአፍንጫ በገባ ቀጭን ቱቦ፣ የአንጀቱን ሽፋን ቶሎ እንዲያገግም ያደርገዋል። ሐኪማችሁ ቱቦ ላስገባለት ካሉ አትደንግጡ።

እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ ፓርቮን በቀጥታ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል በጊዜያዊ ፈቃድ ሥራ ላይ ውሏል። በደም ሥር አንዴ ነው የሚሰጠው። በሁሉም ቦታ አይገኝም፤ መጠየቁ ግን አይጎዳም።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ተኝቶ ይታከም ወይስ እየተመላለሰ? ምርጫ ካላችሁ ተኝቶ ይታከም። ጉሉኮሱ ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ ይሄዳል፤ የሚከታተለው ሰው አለ። ብዙ ሰው ግን አቅሙ አይፈቅድለትም። በአሜሪካ የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪሞች ይህን አይተው ለተመላላሽ ሕክምና አንድ ዘዴ ነድፈዋል። ፈሳሹ ከቆዳ ሥር ይሰጣል፤ ማስታወኩ በመርፌ ይያዛል፤ ለብዙ ቀን የሚቆይ አንቲባዮቲክ አንዴ ይወጋል። ጥናታቸው ላይ ተኝተው ከታከሙት 90 በመቶ ሲድኑ በዚህኛው መንገድ የታከሙት 80 በመቶ ድነዋል። ሐኪሞቹ በየጊዜው እያዩ፣ እየመዘገቡ የሠሩት መሆኑን አትርሱ። ቢሆንም ሳይታከሙ ከሚቀሩት ጋር አይወዳደርም፤ ከእነዚያ አብዛኞቹ ይሞታሉ።

ስለዚህ ገንዘባችሁን በሐፍረት አትደብቁ። «ዶክተር፣ ማውጣት የምችለው ይህን ያህል ነው፤ በዚህ የሚቻለውን እናድርግ» በሏቸው። የሁለተኛው ቡችላዬ ሐኪም እንዲህ ስላቸው ወረቀት አውጥተው ዝርዝሩን በሁለት ረድፍ ጻፉልኝ፤ ያለሱ የማይሆነው በአንድ በኩል፣ ቢኖር ጥሩ የሆነው በሌላው። ሁሉንም ሰምቶ ዝም ብሎ ወጥቶ ከመቅረት ይህ ስንት እጥፍ ይሻላል።

አምስት፦ ቤት ውስጥ ስታስታምሙ

በተመላላሽ የምታሳክሙት ከሆነ አልጋው ያለው እናንተ ቤት ነው። ለጥቂት ቀን ሌላ ሥራ አይታሰብም።

ቦታውን አስቀድማችሁ ምረጡ። ለመታጠብ የሚመች ወለል ያለው ትንሽ ክፍል፣ ለምሳሌ መታጠቢያ ቤት፣ ጥሩ ነው። ምንጣፍ ያለበት ሳሎን አይሁን። ጋዜጣና የሚጣል ጨርቅ አንጥፉ። በሩ ላይ ከዚያ ክፍል የማይወጣ ጫማና ልብስ አስቀምጡ። ሙቅ ውሃ ያለበት ፕላስቲክ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልላችሁ አጠገቡ አድርጉ፤ ሲሞቀው ሸሽቶ ራቅ የሚልበት ቦታ ግን ተዉለት።

ከቆዳ ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ ሐኪሙ እዚያው አሳይተዋችሁ፣ በፊታቸው አንዴ ሠርታችሁ ነው ወደ ቤት የምትሄዱት። ስንት ሚሊ ሊትር፣ በቀን ስንት ጊዜ የሚለውን ያስጽፏችሁ። ትከሻው ላይ ያለውን ቆዳ ታነሳላችሁ፣ ከሥሩ መርፌው ይገባል፣ ፈሳሹ ሲሄድ እዚያው ያብጣል። መጀመሪያ ቀን ሳየው የደነገጥኩት ድንጋጤ! ቡችላዬ የበሬ ሻኛ አብቅሎ ነው የቆመው። ከሰዓት በኋላ ሻኛው ወርዶ የፊት እግሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ምንም አይደለም፤ ሰውነቱ እየጠጣው ነው። በሚቀጥለው ሰዓታችሁ ፈሳሹ እዚያው እንዳለ ካገኛችሁት ግን ደውሉ። የደም ዝውውሩ ደክሞ መምጠጥ አቅቶት ሊሆን ይችላል። ፈሳሹን ከመስጠታችሁ በፊት በሰውነት ሙቀት ልክ ለብ አድርጉት። ቀዝቃዛ ፈሳሽ ትንሽ ቡችላን ያበርደዋል።

ደብተር ይኑራችሁ። በየአራት ሰዓቱ ሙቀቱን፣ የድዱን ቀለም፣ ትውከቱን፣ ሰገራውን፣ ሽንቱን መዝግቡ። ክብደቱን በቀን አንዴ በአንድ ሚዛን ለኩ። ከእንቅልፍ እጦት ብዛት የቀኑ ሦስት ሰዓት ይሁን የሌሊቱ የማይለይበት ጊዜ ይመጣል። ያኔ ከትዝታችሁ ይልቅ የምታምኑት ደብተሩን ነው።

ማስታወኩ ለጥቂት ሰዓት ካቆመና ሐኪሙ ከፈቀዱ በኦአርኤስ ጀምሩ። አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል በሲሪንጅ፣ በጉንጩ በኩል፣ ቀስ ብላችሁ። ሩብ ሰዓት ጠብቁ። ካላስመለሰ ድገሙት። ጥሩ ጠጣ ብላችሁ ሳህን ሙሉ አታስቀምጡለት፤ በአንዴ ይጨልጠውና በአንዴ ይመልሰዋል። ቀጥሎ ለስላሳና ስብ የሌለው ምግብ ይምጣ። ቆዳው የተገፈፈ የተቀቀለ ዶሮ፣ በደንብ የተቀቀለ ሩዝ የተቀላቀለበት፣ ወይም ሐኪሙ የሚሰጧችሁ የታሸገ ምግብ ይሆናል። በቀን ስድስት ሰባቴ፣ በማንኪያ ጫፍ። ለብ ያለ ምግብ ሽታው ስለሚጎላ የመብላት ፍላጎቱን ይቀሰቅሳል።

ቂጡን በለብ ባለ ውሃ አጥባችሁ አድርቁ። ከተቅማጡ ብዛት ቆዳው ይላጣል። ጅራቱ ሥር ያለው ጸጉር ረጅም ከሆነ በመቀስ አሳጥሩት። ከርቀት ትንሽ ነገር ትመስላለች። እሱ ግን ደረቅ ቆዳ ላይ ሲተኛ የሚያሰማው ትንፋሽ ሌላ ነው።

ሰዓት ሳትቆጥሩ ወደ ሐኪም የምትመለሱት በነዚህ ነው፦

- መድኃኒት እየወሰደ ማስታወኩ ካላቆመ
- ድዱ ከነጣ ወይም ወደ ግራጫ ካደላ
- ሙቀቱ ከ37.8 በታች ከወረደ ወይም ከ40 ካለፈ
- ሲጠራ ካልሰማ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ መቆም ካቃተው
- ሆዱ ተነፍቶ ሲነካ ካለቀሰ። አንጀት አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባበት ሁኔታ አለ፤ ያ ቀዶ ጥገና ይፈልጋል

ከመጀመሪያው ምልክት በኋላ ያሉት ሦስትና አራት ቀኖች ናቸው ፈተናዎቹ። ብዙዎቹ የሚሞቱት በነዚህ ውስጥ ነው። እነሱን ካለፈ ተስፋው በጣም ይጨምራል።

ስድስት፦ ቤቱን ማጽዳት

እዚህ ላይ ሰው በጣም ይሳሳታል። አልኮልና የእጅ ሳኒታይዘር ፓርቮን አይገድሉትም። ብዙ ቫይረሶች በስብ ሽፋን የተለበጡ ስለሆኑ አልኮል ሽፋኑን ሲያሟሟው ያልቃሉ። ፓርቮ ያ ሽፋን የለውም። ብዙዎቹ ጥሩ መዓዛ ያላቸው የወለል ማጽጃዎችም አይነኩትም። ቤት ውስጥ ለወር ለሁለት ወር፣ ፀሐይ የማይደርስበት አፈር ላይ ደግሞ ለብዙ ወራት፣ ከዓመትም በላይ ይቆያል። ለመበከል የምታክል ቅንጣት ሰገራ በዐይን አትታይም፤ በጫማ ሶል ትገባለች።

የሚገድለው ተራ በረኪና ነው። አሠራሩ ግን ቅደም ተከተል አለው።

መጀመሪያ ሰገራውንና ትውከቱን በወረቀት አንስታችሁ በፌስታል ቋጥሩ። ከዚያ በሳሙናና በውሃ ፈትጉ፤ አጥባችሁ ሳሙናውን አውጡ። ይህን ዘላችሁ በረኪና ብታፈሱ በረኪናው ጉልበቱን ቆሻሻው ላይ ይጨርሳል፤ ቫይረሱ ጋ አይደርስም። ሽንት ላይ በቀጥታ ከፈሰሰ ደግሞ ጉሮሮ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል።

ቀጥሎ አንድ እጅ በረኪና ለ30 እጅ ውሃ ቀላቅሉ። ለአንድ ሊትር ውሃ 33 ሚሊ ሊትር ገደማ ማለት ነው። በየቀኑ አዲስ በጥብጡ፤ ያደረ ውህድ ይደክማል። ወለሉን አርሱትና ለአሥር ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ይቆይ። ቶሎ ከደረቀ ድገሙት። መስኮት ክፈቱ፤ ጓንት አድርጉ። ከአሞንያ፣ ከኮምጣጤም ሆነ ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ። አሥሩ ደቂቃ ሲያልቅ በውሃ አጥባችሁ አድርቁ።

ሳህንና ጎድጓዳ ዕቃ እንዲሁ ይዘፈዘፋል። ጨርቅ በሙቅ ውሃና በበረኪና ለብቻው ይታጠብ። የጥጥ አሻንጉሊትና ፍራሽ ይጣሉ፤ ሰስታችሁ አታስቀሯቸው። ምንጣፍና ሶፋ በረኪና አይችሉም፤ በእንፋሎት ማጽጃ ይሞከሩ። አፈርና ሣር ያለበት ግቢ ሙሉ በሙሉ አይጸዳም። የሚታየውን ሁሉ አንስታችሁ፣ ደጋግማችሁ በውሃ አጥባችሁ፣ ለፀሐይ ክፍት አድርጉት። ይቀንሳል፤ አለቀ ብሎ መማል ግን አይቻልም።

ሰባት፦ ሌሎቹ የቤቱ ነዋሪዎች

ሰው ከውሻ ፓርቮ አይያዝም። ሰውን የሚይዝ ፓርቮቫይረስ ቢ19 የሚባል ሌላ ዘመድ አለ፤ እሱም ውሻን አይነካም። እጃችሁና ልብሳችሁ ግን ማመላለሻ ናቸው። ስለዚህ ሌላ ውሻ ካለ ጤነኛውን መጀመሪያ መግቡ፣ የታመመውን መጨረሻ። የጤነኛውን የክትባት ካርድ ለሐኪሙ አሳዩ። ያልተከተበ ከሆነ ወይም ጊዜው ካለፈ ዛሬውኑ ይወሰንለት። ለ14 ቀን ሙቀቱንና ምግቡን ተከታተሉ። አንዳንዶቹ የዛሬ የውሻ ፓርቮ ዝርያዎች ድመትንም ሊይዙ ይችላሉ፤ የድመቷም ክትባት ይታይ።

ስምንት፦ ሲሻለው

አንድ ቀን ጠዋት ሳህኑን ገፍቶ ይጮህባችኋል። ለዚያ ቀን ያብቃችሁ! ያኔም ቢሆን በአንዴ ጠግቦ አይብላ። ቀለል ያለውን ምግብ ለጥቂት ቀን ቀጥሉና የዱሮውን በየቀኑ እየጨመራችሁ በሳምንት ውስጥ መልሱት። አንቲባዮቲኩን ተሽሎታል ብላችሁ አታቋርጡ።

ከዳነ በኋላም ለሁለት ሳምንት ገደማ በሰገራው ቫይረስ ያወጣል። ሌላ ውሻ ከማግኘቱ በፊት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይቆይ። ከመውጣቱ በፊት ሰውነቱን በሻምፑ እጠቡት፤ ጸጉሩም ተሸክሞት ይሆናል። ከፓርቮ የዳነ ውሻ ለረጅም ዓመታት መከላከያ ይኖረዋል። ዲስተምፐርንና ሌሎቹን ግን ይህ አይመለከትም፤ ክትባቱ መቼ እንደሚቀጥል ሐኪሙን ጠይቁ።

ዘጠኝ፦ ቡችላው ከሞተ፣ ወይም ሌላ ልታመጡ ካሰባችሁ

ፓርቮ በገባበት ቤት ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ አታምጡ። ክትባቱን የጨረሰ፣ የመጨረሻው መርፌም ሁለት ሳምንት ያለፈው ይሁን።

«አንዴ ተከትቧል» የሚለው ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። ቡችላ በእናቱ እንገር የተላለፈለት መከላከያ አለው። ይህ መከላከያ በሽታውን እንደሚመልስ ሁሉ ክትባቱንም ይመልሰዋል። ከሳምንት ሳምንት እየሟሸሸ ይሄድና አንድ ቀን በሽታውን የማይመልስ፣ ክትባቱን ግን አሁንም የሚመልስ ይሆናል። ያች ክፍተት ለአንዱ ቡችላ በስምንተኛው፣ ለወንድሙ በአሥራ አራተኛው ሳምንት ልትመጣ ትችላለች። ስለማይታወቅ ነው የምንደጋግመው። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ይጀመራል፤ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ይደገማል፤ የመጨረሻው 16 ሳምንት ሲሞላው ወይም ከዚያ በኋላ ይሆናል። በዓመቱ ወይም ቀደም ብሎ ማጠናከሪያ ይወስዳል። ከዚያ ብዙ ጊዜ በየሦስት ዓመቱ ነው። በ12 ሳምንቱ «ጨርሷል» ተብሎ ካርድ የተሰጠው ቡችላ አልጨረሰም።

እስከዚያ ድረስ ዓለምን ያሳዩት፤ ግን በክንድ ታቅፎ። ሌሎች ውሾች የሚጸዳዱበት መሬት ላይ አይውረድ።

አሥር፦ የመጣበት ቤት ደውሉ

ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ወይም ተናዶ ለመሳደብ ብቻ ይደውላል። ንዴቱ ይገባኛል። ግን እዚያ ወንድምና እህት ቡችሎች አሉ፤ አንዳንዶቹም ወደ ሌላ ቤት ሄደዋል። የምርመራውን ውጤትና ምልክቱ የጀመረበትን ቀን ንገሯቸው። ግቢያቸውን በምን እንደሚያጸዱም ጨምሩላቸው።

ሁለተኛው ቡችላዬ ፓርቮ መሆኑ የታወቀ ዕለት ክሊኒኩ በር ላይ ቆሜ ለሰጠኝ ሰው ደወልኩ። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «ሁለቱ ከትናንት ጀምሮ እየበሉ አይደለም፤ እናታቸውን ናፍቀው መስሎኝ ነበር» አለኝ። ምን ያህል ውሃ እንደጎደላቸው በድዳቸው እንዴት እንደሚያይ እየነገርኩት ሳለ ካርቶን ሲጎተት ተሰማኝ። «አድራሻውን ብቻ ላክልኝ» አለና ዘጋው።